«ዊልፉል» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉምና በንግድ ጽሑፎች ያለው አገባብ

ከውጭ አገር ጋር የሚነግድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው አስቀድሞ የሚደርሰው ወረቀት ነው። ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ የኢንሹራንስ ፖሊሲ፣ የወኪልነት ውልና የብድር ውል በብዛት በእንግሊዝኛ ተጽፈው ይመጣሉ። ነጋዴው ዋጋውን፣ ብዛቱንና ቀኑን ተመልክቶ በደቃቅ ፊደል የታተመውን ለጸሐፊው ይተዋል፤ ጸሐፊውም የሥራው ብዛት እያጣደፈው ሳያነበው በፋይል ውስጥ ያኖረዋል። ይሁን እንጂ ዕቃው በጠፋ ወይም በተበላሸ ጊዜ ካሣ መከፈሉንና አለመከፈሉን የሚወስነው ብዙ ጊዜ በዚያ በደቃቅ ጽሕፈት ውስጥ ያለ አንድ ቃል ነው። «ዊልፉል» የተባለው ቅጽል ከእንደነዚህ ያሉት ቃላት አንዱ ስለ ሆነ ትርጉሙንና አገባቡን ጠንቅቆ ማወቅ ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ ለባለሱቁም ይጠቅማል።

፩. የቃሉ ሥርና ሁለቱ ትርጉሞቹ

ቃሉ ከሁለት ክፍሎች የተሠራ ነው። የመጀመሪያው «ዊል» ሲሆን ትርጉሙ ፈቃድ ማለት ነው። ሁለተኛው «ፉል» የተባለው ቅጥያ ሲሆን የተሞላ ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ እንደ ሥሩ ሲፈታ «ፈቃድ የሞላበት» ይሆናል። እንግሊዞች ቃሉን ሲጽፉ በመካከሉ አንድ «ኤል» ብቻ ያደርጋሉ፤ አሜሪካውያን ግን ሁለት «ኤል» ያደርጋሉ። ሁለቱም ትክክል ስለ ሆኑ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሁለቱን ከመቀላቀል መጠንቀቅ ብቻ ይበቃል።

ትርጉሙ ሁለት ነው። አንደኛው ስለ ሰው ጠባይ ሲነገር እልኸኛ፣ ግትር፣ ምክር የማይሰማ ማለት ነው። ወላጁ ሲመክረው «አሻፈረኝ» የሚል ልጅ በእንግሊዝኛ «ዊልፉል ቻይልድ» ይባላል። ሁለተኛው ስለ ሥራ ወይም ስለ ድርጊት ሲነገር አውቆ የተደረገ፣ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ማለት ነው። በንግድና በሕግ ጽሑፎች ውስጥ የሚገኘው ይህ ሁለተኛው ትርጉም ነው።

አማርኛ ይህን አሳብ ለመግለጽ አይቸገርም። «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» የሚለው ተረት የቃሉን ባሕርይ በሚገባ ያስረዳል። እንቅልፍ የጣለው ሰውና አውቆ የተኛው ሰው ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ለሚመለከታቸው አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ በውስጣቸው ነው። የመጀመሪያው አይሰማም፤ ሁለተኛው እየሰማ ዝም ብሏል። «አውቆ አበድ» የሚለውም አነጋገር እንደዚሁ ነው። ስለዚህ «ዊልፉል» ለሚለው ቅጽል የሚስማማው የአማርኛ ቃል «አውቆ የተደረገ» ወይም «ሆን ተብሎ የተፈጸመ» የሚለው ነው።

፪. ብዙዎች የሚሳሳቱበት ስፍራ

«ዊል» ፈቃድ ማለት መሆኑን የሚያውቅ ጸሐፊ «ዊልፉል» የሚለውን «በፈቃደኝነት የተደረገ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ፈቃደኛ የሚለው በእንግሊዝኛ «ዊሊንግ» ነው፤ በገዛ ፈቃድ የተደረገ የሚለው ደግሞ «ቮለንተሪ» ነው። እነዚህ ሁለቱ ለመልካም ሥራ ይነገራሉ፤ ነጋዴ ዋጋ ለመቀነስ «ዊሊንግ» ነው ይባላል፤ ለዕርዳታ የሚሰጥ ገንዘብም «ቮለንተሪ» ነው ይባላል። «ዊልፉል» ግን በሕግ ቋንቋ ዘወትር ከጥፋት ጋር የሚሄድ ቃል ነው። ዊልፉል ጉዳት፣ ዊልፉል ቸልታ፣ ዊልፉል ግዴታን አለመፈጸም ይባላል እንጂ ዊልፉል ክፍያ ወይም ዊልፉል ስጦታ አይባልም።

የዚህ ስሕተት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በምሳሌ እንመልከት። አንድ አስመጪ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣው ወረቀት በመንገድ ላይ ሳለ የጫነው መኪና ተበላሸ እንበል። ነጋዴው ዕቃው እንዳይዘገይበት በሌላ መኪና እንዲገለበጥ በመልካም ፈቃዱ ተስማማ። ሁለተኛው መኪና ሸራው በስተጀርባ የተቀደደ ነበር፤ ይህን ግን ማንም አላየም። ዝናብ ጣለ፤ ወረቀቱም ረጠበ። ጸሐፊው ለኢንሹራንስ ኩባንያው ሲጽፍ «ዕቃውን በፈቃዳችን በሌላ መኪና አስጫንን» ለማለት ፈልጎ «ዊልፉሊ» የሚለውን ቃል አገባ። ደብዳቤው በኩባንያው ጠረጴዛ ላይ ሲነበብ የሚሰጠው ትርጉም «ጥፋት መሆኑን እያወቅን አስጫንን» የሚል ነው። ነጋዴው ባላጠፋው ጥፋት ራሱን የከሰሰ መሰለ። እውነቱ ኋላ ተመርምሮ ቢገኝም እንኳ ምስክር እስኪቆጠርና ማብራሪያ እስኪጻፍ ድረስ ገንዘቡ ተይዞ ይቆያል፤ ባንኩም ወለዱን መቍጠር አያቋርጥም። ጸሐፊው «ዊሊንግሊ» ብሎ ቢጽፍ ወይም ጨርሶ ቅጽሉን ቢተወው ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

፫. ከወንድሞቹ ቃላት የሚለይበት

በእንግሊዝኛ ስለ ጥፋት አሳብ የሚናገሩ ቅጽሎች እንደ ደረጃ አንዱ ካንዱ በላይ የተደረደሩ ናቸው።

በታችኛው ደረጃ «አክሲደንታል» ይገኛል፤ ድንገተኛ ማለት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ «ኢንአድቨርተንት» አለ፤ ሳይታወቅ በስሕተት የተደረገ ማለት ነው። ቀጥሎ «ኔግሊጀንት» ይመጣል፤ ሰው ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ ሳያደርግ ሲቀር የሚነገር ሲሆን በአማርኛ ቸልተኛ ይባላል። ቸልተኝነቱ እጅግ የከበደ ሲሆን «ግሮስ ኔግሊጀንስ» ይሉታል። ከዚያ በላይ «ሬክለስ» አለ። ይህ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የሚሠራ ሰው ነው። ከዚህም በላይ «ኢንቴንሽናል»፣ «ዴሊበሬት» እና «ማሊሸስ» ይገኛሉ። «ኢንቴንሽናል» ታስቦ የተደረገ፣ «ዴሊበሬት» ተመክሮበትና ተመዝኖ የተደረገ፣ «ማሊሸስ» ደግሞ በተንኮልና በክፋት የተደረገ ማለት ነው።

«ዊልፉል» በዚህ ደረጃ ላይ ከቸልተኝነት በላይ ይቆማል፤ ነገር ግን ተንኮልን የግድ አይጠይቅም። ሰውየው ማንንም ለመጉዳት ባይመኝም፣ የሚያደርገው ነገር የማይገባ መሆኑን እያወቀ ካደረገው ድርጊቱ ዊልፉል ነው። እንደዚሁም ይገባል አይገባም ብሎ ሳይጨነቅ «የመጣው ይምጣ» ያለ ሰው በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ዘንድ «ዊልፉል ሚስኮንዳክት» ከሚባለው ጥፋት አያመልጥም። ይህ «ዊልፉል ሚስኮንዳክት» የተባለው ሐረግ «አውቆ የተፈጸመ ብልሹ ተግባር» ተብሎ ሊተረጐም ይቻላል።

የአገራችን የወንጀል ሕግም ይህን የመሰለ ልዩነት ያደርጋል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 58 ታስቦ ስለሚፈጸም ወንጀል፣ አንቀጽ 59 ደግሞ ስለ ቸልተኝነት ይናገራል። ውጤቱን የፈለገ ብቻ ሳይሆን ሕገ ወጥ ውጤት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ «ቢሆንም ይሁን» ብሎ ያደረገውም አስቦ እንዳደረገ ይቈጠራል።

፬. ስለ ፎርማጆ የተደረገ ክርክር

የቃሉ ትርጉም በእንግሊዝ አገር ከተመረመረባቸው ቀደምት የንግድ ክርክሮች አንዱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1877 የተፈረደው ሲሆን፣ ተከራካሪዎቹ ሌዊስ የተባለ ነጋዴና የታላቁ ምዕራብ የባቡር ኩባንያ ነበሩ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ባቡሮች ሁለት ዓይነት ዋጋ ነበራቸው። አንደኛው ከፍ ያለ ዋጋ ሲሆን ኩባንያው ለጭነቱ ኃላፊ ይሆናል። ሁለተኛው ርካሽ ዋጋ ሲሆን አደጋው በባለዕቃው ላይ ይሆንና ኩባንያው የሚጠየቀው ሠራተኞቹ ዊልፉል ሚስኮንዳክት የፈጸሙ እንደ ሆነ ብቻ ነበር። ነጋዴው ፎርማጆ በርካሹ ዋጋ ላከ፤ ፎርማጆው በባቡር ውስጥ በተደራረበበት አኳኋን ምክንያት ተበላሽቶ ደረሰ። ፍርድ ቤቱ አደራደሩ መጥፎ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ ሠራተኞቹ እንዲህ ቢደረደር እንደሚበላሽ ማወቃቸው መረጋገጥ አለበት በማለት ለባቡሩ ኩባንያ ፈረደ።

ይኸው አሳብ በ1905 በሌላ የባቡር ጭነት ክርክር ይበልጥ ተብራራ። ዳኛው እንዳስረዱት ዊልፉል ሚስኮንዳክት ፈቃድ የተባበረበት ጥፋት ነው፤ ከቸልተኝነት፣ ከከባድ ቸልተኝነት እንኳ ሳይቀር፣ እጅግ የራቀ ነው። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። በመጀመሪያ፣ ነገሩ አውቆ የተደረገ ነው የሚለው ወገን የማስረዳቱ ሸክም በእርሱ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ በርካሽ ዋጋ ጭነት የሚያስጭን ነጋዴ የተረፈው ገንዘብ የምን ዋጋ እንደ ሆነ ማወቅ አለበት፤ የገዛው ርካሽ ጭነት ሲሆን የሸጠው ደግሞ በቸልተኝነት ምክንያት የመክሰስ መብቱን ነው።

፭. በባሕር ኢንሹራንስ ውስጥ

ዛሬም በዓለም ንግድ ውስጥ ብዙ የሚሠራበት የእንግሊዝ የባሕር ኢንሹራንስ ሕግ በ1906 የወጣ ነው። በዚሁ ሕግ በአንቀጽ 55 እንደ ተደነገገው ኢንሹራንስ ሰጪው በኢንሹራንስ ገቢው ዊልፉል ሚስኮንዳክት ምክንያት ለደረሰ ጥፋት አይከፍልም። ነገር ግን ፖሊሲው ሌላ ካልተናገረ በቀር፣ ኢንሹራንስ በተገባለት አደጋ ለጠፋው ዕቃ ካፒቴኑ ወይም መርከበኞቹ ቸልተኞች ቢሆኑም እንኳ ይከፍላል። በዕቃ ኢንሹራንስ ፖሊሲዎች ላይ የሚታተሙት በ1982 የወጡትና በ2009 የታደሱት የለንደን የጭነት ደንቦችም ይህንኑ ቃል ከማይከፈልባቸው ምክንያቶች በመጀመሪያው ተራ አስቀምጠውታል።

እዚህ ላይ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ ያለውንም ማንበብ ያሻል። ደንቡ የሚለው «የኢንሹራንስ ገቢው» ነው። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው «አውቆ ያጠፋው ማነው?» ተብሎ ነው። ሾፌሩ አውቆ ዕቃውን ቢያበላሽ ይህ የባለዕቃው ዊልፉል ሚስኮንዳክት አይደለም። ባለዕቃው ራሱ ወይም ለድርጅቱ የሚያዝዘው ሥራ አስኪያጅ ያወቀበት እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከላይ የተጠቀሰውን የወረቀት ጭነት እንመልሰውና፣ የነጋዴው ሠራተኛ ከጅቡቲ «ሸራው ተቀድዷል፤ ዝናብም ደምኗል» ብሎ ቢያስታውቅ፣ ነጋዴውም «ዝም ብለህ ጫን፤ ቢበላሽ ኢንሹራንሱ ይከፍላል» ብሎ ቢመልስ፣ የረጠበው ያው ወረቀት፣ የጣለውም ያው ዝናብ ቢሆንም ካሣው ከእጁ ሊወጣ ይችላል። ያው የሠራተኛው መልእክትና የእርሱ መልስ ማስረጃ ይሆኑበታል።

ቃሉ ትልቅ ገንዘብ ሊያስቀር እንደሚችል ከአገራችን የንግድ መንገድ ብዙም ባልራቀ ስፍራ የሆነው ነገር ይመሰክራል። በሐምሌ ወር 2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር «ብሪላንቴ ቪርቱኦዞ» የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በኤደን አጠገብ ሳለች ፊታቸውን የሸፈኑ የታጠቁ ሰዎች ተሳፈሩባት፤ ከዚያም በሞተሩ ክፍል እሳት ተነሥቶ መርከቢቱ ከጥቅም ውጭ ሆነች። መጀመሪያ የባሕር ወንበዴዎች ሥራ መሰለ። ለመርከቢቱ ያበደረው ባንክ ወደ 77 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ከኢንሹራንስ ሰጪዎቹ ጠየቀ። በለንደን ከተደረገ ረዥም ክርክር በኋላ ፍርድ ቤቱ በ2019 እሳቱ የተለኰሰው በባለመርከቡ ፈቃድ ነው፣ ይህም የእርሱ ዊልፉል ሚስኮንዳክት ነው ሲል ወሰነ፤ የባንኩም ጥያቄ ውድቅ ሆነ። ባንኩ ራሱ ምንም ሳያጠፋ የተበዳሪው ጥፋት ካሣውን አስቀረበት።

በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ኢንሹራንስ በሚናገረው ክፍሉ ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ኢንሹራንስ ሰጪው በድንገተኛ ነገርና በባለጥቅሙ ቸልተኝነት ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ሲሆን፣ ባለጥቅሙ አስቦ ላደረሰው ጉዳት ግን ኃላፊ አይሆንም። ውሉ በሚደረግበትም ጊዜ ቢሆን አውቆ እውነቱን የደበቀ ሰውና ሳያስብ የተሳሳተ ሰው አንድ ዓይነት ዕጣ የላቸውም።

፮. በአየር ጭነት

በጥቅምት 12 ቀን 1929 በዋርሶ የተፈረመው የአየር ማጓጓዣ ስምምነት አየር መንገዶች ለሚከፍሉት ካሣ ጣሪያ አደረገ፤ ነገር ግን አጓጓዡ አውቆ ያጠፋ እንደ ሆነ ጣሪያው ይነሣል አለ። ስምምነቱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ሲሆን የገባው ቃል «ዶል» የሚል ነበር። እንግሊዞች ይህን «ዊልፉል ሚስኮንዳክት» ብለው ተረጐሙት። ሁለቱ ቃላት ግን ልክ አንድ አይደሉም፤ የፈረንሳይኛው ለመጉዳት ማሰብን ሲያመለክት የእንግሊዝኛው «የመጣው ይምጣ» ማለትንም ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ክርክር ስለ በዛ በመስከረም 28 ቀን 1955 በላሄ የተፈረመው ማሻሻያ ቃሉን አስወጥቶ በስፍራው ረዘም ያለ ማብራሪያ አገባ፤ ይኸውም ጉዳት ለማድረስ በማሰብ፣ ወይም ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቁ ያለ ደንታ የተደረገ የሚል ነው።

አበባ፣ ሥጋ ወይም ሌላ ዕቃ በአውሮፕላን የሚልክ ነጋዴ አንድ ነገር ጨምሮ ይወቅ። በ1999 በሞንትሪያል የተደረገው ስምምነት በሚሠራበት ጕዞ ለጭነት በኪሎ ግራም የተወሰነው ጣሪያ አጓጓዡ አውቆ ቢያጠፋም አይነሣም። ስለዚህ ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ የሚልክ ሰው «አውቀው አጠፉብኝ» በሚል ክስ ከመተማመን ይልቅ ሲያስጭን የዕቃውን ዋጋ ማስታወቅ ወይም በቂ ኢንሹራንስ መግባት ይሻለዋል።

፯. በብድርና በግብር

ከሕንድ ነጋዴዎች ጋር የሚጻጻፉ ሰዎች «ዊልፉል ዲፎልተር» የሚል አነጋገር ያገኛሉ። ይህ የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ የሚሠራበት ስያሜ ሲሆን ለመክፈል አቅም እያለው ዕዳውን የማይከፍል፣ ወይም ለአንድ ሥራ የተበደረውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ያዋለ ተበዳሪ ማለት ነው። ገበያ ጠፍቶበት የከሰረ ሰው በዚህ ስም አይጠራም። ስለዚህ ስለ አንድ ደንበኛ በተላከ መግለጫ ላይ ይህን ቃል ያነበበ ነጋዴ «ከሰረ» ብሎ ሳይሆን «እያለው ከለከለ» ብሎ ሊተረጕመው ይገባል።

በአሜሪካ አገር ደግሞ ይኸው ቅጽል በግብርና በባንክ ሒሳብ ጉዳይ ብዙ ይነሣል። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ የሆነ ሰው ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የባንክ ሒሳቦች በጠቅላላው በዓመቱ ውስጥ በማናቸውም ጊዜ ከ10,000 ዶላር በላይ ከደረሱ በየዓመቱ ማስታወቅ አለበት። ሳያውቅ የቀረ እንደ ሆነ መቀጫው በአንድ ዓመታዊ መግለጫ እስከ 10,000 ዶላር ሲሆን፣ ዊልፉል ሆኖ ከተገኘ ግን ከ100,000 ዶላርና በሒሳቡ ካለው ገንዘብ እኩሌታ የበለጠው ሊሆን ይችላል፤ እነዚህም ቍጥሮች ከዋጋ ግሽበት ጋር እየታረሙ ከፍ ይላሉ። በአዲስ አበባ ባንክ ገንዘብ የሚያስቀምጡ፣ ወይም ከዘመድ ጋር በሽርክና የሚነግዱ በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ይህን ልዩነት ቢያውቁ ከብዙ ጉዳት ይድናሉ። ቅጹን አይቶ «አላየሁም» ማለት ከመቀጫው አያድንም፤ ፍርድ ቤቶቹ አውቆ ዓይኑን የጨፈነውን እንዳየ ይቈጥሩታል።

፰. ለጸሐፊዎች የሚጠቅሙ ደንቦች

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተሉት ደንቦች ይገኛሉ።

በገዛ ድርጅት ስም በሚጻፍ ደብዳቤ ውስጥ «ዊልፉል» ወይም «ዊልፉሊ» የሚለውን ቃል ስለ ራስ ድርጊት መጻፍ አይገባም። ፈቃደኝነትን ለመግለጽ «ዊሊንግ» ወይም «ቮለንተሪ» ይበቃል።

ሌላውን ወገን ለመክሰስም ቢሆን በቍጣ ተነሣሥቶ ይህን ቃል ማግባት አይገባም። ቃሉን የጻፈ ሰው የሌላውን ውስጣዊ ዕውቀት አስረዳለሁ ማለቱ ነው። ማስረጃው እስኪገኝ ድረስ የሆነውን ነገር በቀኑና በሰዓቱ መጻፍ ይሻላል።

በፖሊሲ ወይም በውል ላይ ቃሉ በተገኘ ጊዜ ቀጥሎ የማን ስም እንዳለ ይታይ፤ የኢንሹራንስ ገቢው ነው? የአጓጓዡ ነው? ወይስ የሠራተኞቹ?

ስለ ዕቃ ጉድለት ከወደብ፣ ከመጋዘን ወይም ከሾፌር ማስታወቂያ የደረሰ እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር መልስ ይሰጥበት፤ ጉድለቱም እንዲታረም ይታዘዝ። ማስታወቂያው ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ «አላወቅሁም» ማለት አይቻልም።

በመጨረሻም በውል ውስጥ ያለውን ይህን ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ጸሐፊ «በፈቃደኝነት» ሳይሆን «አውቆ» ወይም «ሆን ብሎ» ይበል። ቸልተኛውን ነጋዴ ኢንሹራንሱ ብዙ ጊዜ ይክሰዋል፤ አውቆ የተኛውን ግን የሚክሰው የለም።